አጥር ላይ የተሰጡ ጨርቆች

አስናቀች በነርስነት ሃያ ስድስት ዓመት ስትሠራ በሽተኛ የምትጠይቀው በአንድ ዓይነት መንገድ ነበር። አልጋው ግርጌ ትቆማለች፣ ካርዱን ታነሳለች፣ "ደህና ነሽ ልጄ?" ትላለች። በሽተኛዋም "ጌታ ይመስገን" ትላለች። አስናቀችም "ይመስገን" ብላ ትጽፋለች፤ ወደሚቀጥለው አልጋ ታልፋለች።

ሶዶ ውስጥ ከዚህ ሌላ መልስ የሚሰጥ ሰው ብዙም የለም። እግሩ የተሰበረውም፣ ቤቱ የተቃጠለበትም መጀመሪያ "ጌታ ይመስገን" ይላል። ሌላው ነገር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ ጠያቂው ቁጭ ካለ። አስናቀች ደግሞ ቁጭ የምትልበት ጊዜ አልነበራትም። ጤና ጣቢያው ውስጥ ነርሶቹ ጥቂት፣ በሽተኛው ብዙ ነው። በዚያ ላይ ያ ዘመን ወረቀት የበዛበት ዘመን ነበር፤ ዛሬ ሪፖርት፣ ነገ ግምገማ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ የግምገማው ሪፖርት።

ያን ማክሰኞ ጠዋት የወሊድ ክፍል ውስጥ የተኛችው አንዲት አራስ ብቻ ነበረች። ስሟ ምሕረት ነው፤ ዕድሜዋ ሃያ ቢሆን ነው፤ የመምህር ሶርሳ ሚስት። ሊነጋጋ ሲል ሴት ልጅ በሰላም ተገላግላ፣ የሌሊት ተረኛዋ ነርስ "ሁሉ ደህና ነው" ብላ ለአስናቀች አስረክባት ሄደች። አስናቀች አንድ ሰዓት ላይ ገብታ ግፊቷን ለካች። መቶ አሥር በሰባ። ጥሩ ነው። ጻፈች።

አማቷ ብርቄ ከጉኑኖ መጥታ ሌሊቱን ሙሉ አጠገቧ ነበረች። ቅቤ ያንሳፈፈ ሙቹዋ፣ የአራስ ምግብ፣ በሸክላ ይዛለች፤ አሮጌ ነጠላ ቀድዳ በጥቅል ይዛለች። ጨርቁ ለአራሷ ነው። ብርቄ አራት ምራቶች አሏት፤ አራቱንም ያረሰቻቸው እሷ ናት። ሥርዓቷንም ከእናቷ ነው የወረሰችው፤ የአራስ ደም የሰው ዓይን አያየውም። ጨርቁ ሲርስ ወዲያው ትለውጣለች፣ የቆሸሸውን በነጠላዋ ሥር ሸሽጋ ትወጣለች፣ ታጥባለች፣ ሌላ ጨርቅ ደርባበት ታሰጣለች። ማንም አያይ፣ ማንም አይሰማ። ምራቶቿን የምታከብረው በዚህ ነው፤ ምራቶቿም በዚህ ይወዷታል።

አስናቀች ይህንን አይታ ደስ ብሏት ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስትመጣ አልጋው ንጹሕ፣ አንሶላው የተወጠረ፣ ምሕረት ጋቢ ተከናንባ ፈገግ ያለች።

"ደህና ነሽ ልጄ?"

"ጌታ ይመስገን ሲስተር።"

"ደሙስ እንዴት ነው?"

ምሕረት አፍራ ወደ አማቷ ዞረች። ብርቄ በገበያ በለመደችው አማርኛ መለሰች። "ደህና ነው፣ ደህና ነው። ምሕረት ጠንካራ ነው። እኔ አለሁ አይደለ?"

የግፊት መለኪያው አንድ ነው፤ እሱም ሶልያና ጋ ተመላላሽ ክፍል ሄዷል። ሶልያና አዲስ የተቀጠረች ልጅ ናት፤ ኮሌጅ ከወጣች ዓመት አልሞላትም። አስናቀች እሱን ፍለጋ ልትሄድ አሰበችና የምሕረትን ፈገግታ አየች፣ ንጹሑን አንሶላ አየች፣ ከራሷ ጋር ተስማማች። መቶ አሥር በሰባ። ጻፈች። ስትወጣ ሶልያናን በር ላይ አግኝታ፣ "እንዲህ ያለች አማት ለሁላችንም ይስጠን" አለቻት።

"ለእኔ መጀመሪያ ባሉን ይስጠኛ፣ ሲስተርዬ" አለች ሶልያና እየሳቀች።

አራት ሰዓት ላይ ሦስተኛውን ልኬት ስትጽፍማ አልጋው ድረስም አልተጠጋችም። ከዞን ገምጋሚዎች መጥተዋል። የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ ይስሐቅ ክራቫቱን እያጠበቀ በኮሪደሩ ላይ እየተጣራ ነው። "ሲስተር! ሰዎቹ ተቀምጠዋል እኮ! የእናቶችን ሪፖርት ማን ሊያቀርብልኝ ነው?" አስናቀች በሩ ላይ ሆና "ደህና ነሽ?" አለች፣ ከጋቢው ውስጥ "ጌታ ይመስገን" የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ፣ ካርዱ ላይ መቶ አሥር በሰባ ብላ ሞነጫጨረች። ከዚያ ሪፖርቱን በብብቷ ያዘች። ሪፖርቱ ላይ "ከወሊድ በኋላ ክትትል የተደረገላቸው እናቶች፦ መቶ በመቶ" ይላል። በገዛ እጇ ነው የጻፈችው።

ወደ አዳራሹ አቋራጩ በጓሮ በኩል ነው። ቧንቧው ያለውም እዚያ ነው። አስናቀች የዘበኛውን የጎመን መደብ ስትሻገር ጫማዋ እንዳይረጥብ ወደ ታች አየች። ከቧንቧው የሚወርደው ውሃ ቀይ ነበር።

አፈሩ ቀይ ነው፣ የወላይታ አፈር ቀይ ነው አለች በሆዷ። አንድ እርምጃ ሄደች። አፈር ግን እንዲህ አይቀላም።

ቀና አለች። ብርቄ ቧንቧው ሥር ቁጢጥ ብላ ታሻለች። ከበስተኋላዋ አጥሩ ላይ አንድ ሰፊ አንሶላ ተሰጥቷል። አስናቀች ሄዳ አንሶላውን ገለጠችው። በሥሩ ጨርቆቹ ተደርድረዋል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... የመጀመሪያዎቹ ሊደርቁ ምንም አልቀራቸውም፤ የመጨረሻዎቹ ውሃ ያንጠባጥባሉ። ዘጠኝ። ብርቄ እጅ ውስጥ ያለችው አሥረኛ ናት።

"እማማ ብርቄ" አለች፤ ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት። "ይህ ሁሉ የማን ነው?"

ብርቄ ተነስታ በቀሚሷ ልትሸፍናቸው ሞከረች። "ምን ታያለሽ? ይሄ የሚታይ ነው? የእኔ ሥራ ነው ይሄ!"

"የዛሬ ነው? ሁሉም የዛሬ ነው?"

"ከወለደ ጀምሮ ነው። ደም ነዋ! የወለደ ሰው ደም አይወጣውም? አንቺ አልወለድሽም?"

አስናቀች ሦስት ወልዳለች፤ ሦስቱንም ለወግ ለማዕረግ አብቅታለች። አሥር ጨርቅ በአምስት ሰዓት ውስጥ ግን አታውቅም። ሪፖርቱ ከብብቷ ወደቀ። አላነሳችውም። ሮጠች።

የምሕረት ክፍል በር ላይ ሶርሳ ከሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጋር ቆሟል። ሊባርኩ ነው የመጡት። "ሲስተር፣ ግቡ አሉን እኮ..." ሲል በክርኗ ገፋችውና አለፈች። ምሕረት አሁንም ፈገግ ብላለች። ግንባሯ ላይ ግን ላቡ ጤዛ መስሎ ተዘርግቷል፤ ከንፈሯ አመድ ሆኗል። አስናቀች እጇን ያዘችው። ቀዝቃዛ ነው። የልብ ምቷ ከጣቷ ሥር ይርገበገባል፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ልትቆጥረው ሞክራ የሚያመልጣት።

ጋቢውን ልትገልጥ ስትል ብርቄ ደረሰችና እላዩ ላይ እጇን ጫነች። "ወንዶች አሉ! ሲስተር፣ ወንዶች በር ላይ አሉ!"

"ይውጡ!"

"ነውር ነው..."

"እማማ፣ እየሞተች ነው!"

የብርቄ እጅ ተንሸራተተ። አስናቀች ጋቢውን ገፈፈችው። አሁን ገና የተለወጠችው ጨርቅ ርሳ፣ ደሙ ከፍራሹ ላስቲክ ላይ አልፎ ወደ ግድግዳው በኩል፣ ማንም ወደማያይበት ወደዚያ ወርዷል። ሆዷን ዳሰሰች። ከወለደች በኋላ ተሰብስቦ ሊጠነክር የሚገባው ማህፀን እንደ ሊጥ ለስልሷል፤ ጣቷ ሰመጠ።

"ሶልያና!" ብላ ጮኸች፤ ድምፅዋ አዳራሹ ድረስ ተሰማ። "መለኪያውን! ኦክሲቶሲን! ግሉኮስ ሁለት! ሩጪ!"

ሶልያና ስትመጣ የካርዱን ቁጥር አየች። "መቶ አሥር በሰባ ይላል እኮ ሲስተር..."

"የሚለውን ተይው። ለኪ!"

ሶልያና ለካች። ደግማ ለካች። ፊቷ ተለወጠ። "ሰባ በአርባ።"

ማህፀን የሚያኮማትረው መርፌ ተወጋ። በምሕረት ሁለቱም እጆች ግሉኮስ ተቀጠለ። አስናቀች አልጋው ላይ ተንበርክካ ማህፀኑን በመዳፏ እያዞረች አሸች፣ አሸች። ጠነከር ይላል፤ ደሙ ጋብ ይላል። እጇን ላላ ስታደርግ ተመልሶ ይለሰልሳል። ውስጥ የቀረ ነገር አለ ማለት ነው። ይህ የጤና ጣቢያ ሥራ አይደለም፤ ሆስፒታል ነው፣ ደም ነው፣ ቀዶ ጥገና ክፍል ነው።

"አምቡላንሱስ?"

"ወደ በዴሳ ከተማ ሄዷል" አለ አቶ ይስሐቅ፤ ከአዳራሹ መጥቶ በር ላይ ቆሟል። "ሲስተር፣ ሰዎቹ እየጠበቁ..." አልጋውን ሲያይ ከበሩ ፈቀቅ አለ።

ከግቢው በር ፊት ለፊት የእህል ነጋዴው ጠሃ ከፒካፑ ላይ የበቆሎ ከረጢት እያወረደ ነበር። ሶርሳ ሮጦ ምን እንዳለው አይታወቅም፤ ጠሃ የጀመረውን ከረጢት አስፋልቱ ላይ ጥሎ መኪናውን በግቢው ውስጥ ወደ ኋላ ነዳው። ምሕረትን በነፍራሹ ተሸክመው የቀሩት ከረጢቶች ላይ አስተኟት። ሽማግሌዎቹም ተሸከሙ። ደም ነካቸው፤ ማንም ነውር አላለም።

አስናቀች እላይ ወጥታ ምሕረት አጠገብ ተንበረከከች። ደሙን ለመግታት ጡጫዋን ከልጅቷ እምብርት ከፍ አድርጋ ተጫነች፣ በሌላው እጇ ማህፀኑን ያዘች። "ሶልያና፣ አንቺ እዚሁ ቅሪ፤ ሕፃኗን ጠብቂ። ሶርሳ ጋቢና ግባ። እማማ ብርቄ፣ እርስዎ እላይ ይውጡ! እነዚህን ግሉኮሶች ይያዙ። ከራስዎ በላይ። እንዳያወርዷቸው!"

ብርቄ ወጣች። ሁለቱን ግሉኮሶች በሁለት እጇ ወደ ሰማይ ይዛ ቆመች።

"ቢስሚላህ" አለ ጠሃ፤ ነዳው።

ዋናው መንገድ ድንጋይ እየተነጠፈ ተዘግቶ ነበር። በጓሮ መንገድ ገቡ። ጉድጓድ ነው፣ ባጃጅ ነው፣ በጎች ናቸው። ጠሃ ጥሩምባውን ተጭኖ አልለቀቀውም። በያንዳንዱ ጉድጓድ የአስናቀች ክንድ ይንሸራተታል፤ በያንዳንዱ ጉድጓድ መልሳ ትጫናለች። ኪሷ ውስጥ ስልኳ ይጮኻል፣ ያቆማል፣ እንደገና ይጮኻል። ከአዳራሹ ነው። ዓይኗን ሳትጨፍን ጸለየች። መጨፈን አልቻለችም፤ የልጅቷን ፊት ማየት አለባት።

የምሕረት ዓይኖች መገልበጥ ጀመሩ።

"ምሕረት! እዪኝ! እንዴት ነሽ?"

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። "ጌታ... ይመስ..."

"መመስገኑን እሱም ያውቃል!" ብላ ጮኸችባት አስናቀች። "አንቺ ንገሪኝ! ምን ይሰማሻል? ምንሽን ነው የሚያምሽ? ንገሪኝ!"

ምሕረት እንደ ሕፃን ፊቷን አጨማደደች። "በረደኝ" አለች። "ጆሮዬ ውስጥ ይጮኻል። ከጠዋት ጀምሮ ይጮኻል። ፈራሁ ሲስተር። በጣም ፈራሁ።"

"ከጠዋት?"

"አማቴ እየደከመች... አንቺም ቸኩለሽ... ደግሞ ሌሊት ሁሉም ጸልዮልኛል። አሞኛል ማለት... ማመስገን እንቢ ማለት መሰለኝ።"

አስናቀችም እንዲህ ነበር ያስተማረችው፤ እሑድ እሑድ ለሴቶቹ ኅብረት። አልጋው ላይ የሚያማርር ሰው አትወድም ነበር። ይበልጥ ተጫነች። "አውሪ፣ ልጄ። የፈለግሽውን አማርሪ። ዝም እንዳትይ።"

"የአማቴ... ክንድ... ግሉኮሱ እየወረደ ነው" አለች ምሕረት።

ብርቄ እውነትም ክንዷ እየተንቀጠቀጠ ነበር። እንባዋ እየወረደ ነው፤ እጅ የላትም እንባ የምትጠርግበት። "አላወርድም!" አለች፤ እንደገና ወደ ላይ አነሳችው።

ሆስፒታል ሲደርሱ የተቀበላቸው ተረኛ ዶክተር ሚልክያስ ይባላል፤ ወጣት ነው፣ የአስናቀች የመጨረሻ ልጅ ዕድሜ ይሆናል። ምሕረትን በተሽከርካሪ አልጋ እየገፉ አብሮ እየሮጠ ከአልጋዋ አብሯት የመጣውን ካርድ አነበበ።

"እስከ አራት ሰዓት መቶ አሥር በሰባ። እንግዲህ ደሙ የጀመረው ከአራት ሰዓት ወዲህ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ላብራቶሪ፣ አንድ ከረጢት ደም አዘጋጁ፤ እሱ እስኪገባ..."

አስናቀች አብራ እየሮጠች ነው፤ እጇ አሁንም ሆዷ ላይ ነው። ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ካርዱ ላይ ፊርማዋ አለ፣ ቁጥሩ ጥሩ ነው፣ አቶ ይስሐቅም ይደሰታል። ልጅቷ ብትሞት እንኳ በድንገት ሞተች ይባላል፤ እግዚአብሔር ወሰዳት ይባላል። ለቅሶ ቤት ሄዳም ታጽናናለች።

"ዶክተር፣ እሱን አትመን" አለች።

"ምኑን?"

"አንድ ሰዓት ላይ ያለውን ብቻ እመን። ሁለቱን አልለካኋቸውም። ዝም ብዬ ጻፍኳቸው።" ድምፅዋ ተሰነጠቀ፤ አላቆመችም። "ከወለደች ጀምሮ እየፈሰሳት ነው። አምስት ሰዓት ሙሉ። ዘጠኝ ጨርቅ አጥር ላይ ቆጥሬአለሁ፣ አንድ ቧንቧ ሥር፣ አንድ አልጋው ላይ። ከፍራሹ የወረደው ሌላ ነው።"

ዶክተሩ አያት። የሚላት ነገር ነበረው፤ ጊዜ ግን አልነበረውም። ዞሮ "አራት ከረጢት!" ብሎ ጮኸ። "አራት! ቤተሰብ አሰልፉ! ቀዶ ጥገና ክፍል አሁን!"

የቀዶ ጥገና ክፍሉ በር ተከፍቶ ተዘጋ። የአስናቀች እጅ ባዶ ቀረ። ጣቶቿ አልዘረጋ አሉ።

ሶርሳ ደም ሊሰጥ ገባ። ጠሃም እጅጌውን እየጠቀለለ ተከተለው። "አንተ ደግሞ ዘመዷ ነህ?" አለችው የላብራቶሪዋ ልጅ።

"በቆሎዬ ላይ ተኝታ መጥታለች፤ ከዚህ በላይ ምን ዝምድና አለ?" አላት ጠሃ። "ውጊ፣ መኪናውን መንገድ ላይ ነው ያቆምኩት።"

አስናቀችና ብርቄ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሁለቱም ደም በደም ናቸው። የሚያልፈው ሰው ሁሉ ያያቸዋል፤ ብርቄ ግን ነጠላዋን እንኳ አልሳበችም። "ሲስተር" አለች። "እኔ ነኝ የገደልኩት?"

"አልሞተችም እማማ።"

"ቢሞትስ?"

አስናቀች አይደለም ልትላት አፏን ከፈተች። ለሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ያለውን ጥያቄ "አይ፣ እግዚአብሔር ያውቃል" እያለች አልፋዋለች። ዛሬ አልሆነላትም።

"ሁለታችንም ደበቅናት" አለች። "እርስዎ በውሃ፣ እኔ በእስክሪብቶ። እርስዎስ ቢሆን ወደዋት ነው።"

ብርቄ እጇን አምጥታ አልዘረጋ ያሉትን የአስናቀችን ጣቶች በየተራ ማሸት ጀመረች፤ ጨርቁን እንደምታሸው፣ ቀስ እያለች።

ስምንት ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። ዶክተር ሚልክያስ ጭንብሉን አወረደ። "የእንግዴ ልጅ ቁራጭ ውስጥ ቀርቶ ነበር። አውጥተነዋል። ሦስተኛው ከረጢት እየገባላት ነው። ማህፀኗ ግን የተረፈው በጥቂት ነው።" ወደ አስናቀች ዞረ። "በአንድ ከረጢት ጀምረን ቢሆን ኖሮ..." አልጨረሰውም። ሄደ።

ሐሙስ ዕለት አስናቀች ልትጠይቃት ሄደች። ቦርሳዋ ውስጥ ከጤና ጣቢያው የተሰጣት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አለ፤ ረቡዕ በቀጠለው ግምገማ ላይ ቆማ ሁሉንም ስትናገር አቶ ይስሐቅ ጣሪያ ጣሪያ ሲያይ ነበር። ሪፖርቱ ላይ ያለውን መቶ በመቶ በራሷ እጅ ሰርዛዋለች።

ክፍሉ በጠያቂ ሞልቷል። ሽማግሌዎቹ አሉ፣ ሶርሳ አለ። ምሕረት ሕፃኗን ታቅፋ ተደግፋለች፤ ከንፈሯ ቀለም ይዟል። አስናቀች ግርጌ አልቆመችም። ጫማዋን አውልቃ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ የልጅቷን እጅ ያዘች። ሙቅ ነው። ሳትለቅ ይዛው ቆየች።

"እሺ፣ ንገሪኝ" አለች።

"ጀርባዬን ያመኛል። ጡቴ ደግሞ ቆስሏል" አለች ምሕረት። ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ "የአማቴ ቅቤም በዝቷል።"

"ሰማሽ?" አለች ብርቄ፤ "ደም ሲገባለት አፍም አብሮ ገባለት!" ሰው ሁሉ ሳቀ።

"ጨርቁስ?" አለች አስናቀች።

ይህንን ነበር ብርቄ የምትጠብቀው። ከአልጋው ሥር የላስቲክ ሳፋ ጎትታ አወጣች። አልታጠበም። ከውስጡ አንዷን ጨርቅ አንስታ በሁለት እጇ ዘረጋችና፣ በዚያ ሁሉ ጠያቂ ፊት፣ ወደ አስናቀች ያዘችላት። ሽማግሌዎቹ በአንድ ላይ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሶርሳ ጆሮው ቀላ።

"ከትናንት ማታ ጀምሮ ሁለት ብቻ ነው" አለች ብርቄ። "አላጠብኩም። ጠብቄሽ ነው። እዪው።"

አስናቀች ተቀብላ ወደ መስኮቱ ወሰደችው፤ ሽማግሌዎቹን "ትንሽ ፈቀቅ በሉልኝ" ብላ በብርሃኑ አገላብጣ አየችው። ትንሽ፣ የገረጣ፣ ሊጠፋ ያለ ነበር።

"ጌታ ይመስገን" አለች ያኔ።